ቋንጣ የገባበት ፍርፍር

ድርቆሽን የሚንቅ ሰው አልወድም። ድርቆሽ የተረፈ እንጀራ ነው፤ ተቆራርሶ በፀሐይ ይደርቅና ክፉ ቀን እስኪመጣ በማዳበሪያ ታስሮ ጓዳ ይቀመጣል። እናቴ ካረፈች በኋላ የቤቱ ምግብ እኔ ላይ ወደቀ። እኔ ደግሞ ውሎዬ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው የቆመው አባቴ ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ነው፤ እሳቸው መሬቱን ሰጡ፣ እኔ የሥራ ቱታ ተሰጠኝ። ከዚያ ቆሜ ውዬ ስመለስ ወጥ የምሠራበት ጉልበት አይተርፈኝም። ሽንኩርት አቁላልቼ በርበሬ ጣል፣ ውሃ ጠብ አደርግበትና ድርቆሹን ጨምሬ ሁለት ጊዜ አገላብጠዋለሁ፤ አለቀ። የትናንት ሽሮ ካለ እዚያው ላይ እደፋዋለሁ። ድርቆሽ ያገኘውን ሁሉ ጠጥቶ የራሱ ያደርገዋል። አባቴና ታናሽ ወንድሜ ጥርግ አድርገው ይበሉና ምንም ሳይሉ ይነሣሉ። እኛ ቤት ሰው ምግብ አያመሰግንም፤ ሳህኑን ባዶ ያደርጋል።

የማስተር ፕላኑ ጣጣ ሲመጣ ይህ የሰነፍ ምግብ ነፍስ ማቆያችን ሆነ። አዲስ አበባ ሰፍታ ልትውጠን ነው ተባለና ከቡራዩ እስከ ሰበታ ጎማ ይቃጠል ጀመር። መንገዱ ተዘጋ፣ ፋብሪካው ቆመ፣ ወፍጮ ቤቱም ተቆለፈ። ጤፍ በጆንያ ተቀምጦ ዱቄት አጣን፤ ይህን ለከተማ ሰው ብነግረው የሚገባው አይመስለኝም። የቀረችን ማሳ ካርታው ውስጥ ገብታለች የሚል ወሬ ስለነበረ አባቴ በየማለዳው ዳሯ ላይ ሄደው ይቆማሉ። መሬቷ ተነሥታ የምትሄድባቸው ይመስል ነበር።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ከስልጤ መጥተው እዚሁ የወለዱ የከበዱ ሙስሊሞች ናቸው፤ ሱቅ አላቸው። ያን ሰሞን ሱቁ ከፊት በአድማው ተዘግቶ በጓሮ በኩል ይሠራ ነበር። እናትየው በአጥሩ ብቅ ይሉና «ልጄ፣ ምን ጎደለሽ?» ይሉኛል። ጨው ስላቸው ጨው፣ ዘይት ስላቸው ዘይት፣ አንዳንዴ ሳልጠይቅ አንድ እሽግ ፓስታ በላስቲክ ጠቅልለው ያቀብሉኛል። የሳቸው ልጅና ወንድሜ እኩያ ናቸው። አብረው ተምረው፣ አብረው ፈተና ወድቀው፣ አብረው ሥራ ፈትተው ነበር። ሲጨቃጨቁ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሳሉ፤ ሲታረቁ ደግሞ በተገላቢጦሹ። ያ ልጅ እኔን ማብሸቅ ይወድ ነበር። እኛ ቤት በገባ ቁጥር ክዳን ከፍቶ «ዛሬም ድርቆሽ? እናንተ ቤት እንጀራ እርጥብ ሆኖ አያውቅም እንዴ?» ይለኛል። ይለኝና ሁለት ሰው የሚያጠግበውን ብቻውን ይበላል።

የገና ጾም እንደተጋመሰ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወጣት የሚለቅሙ ሰዎች መጡ። ሁለቱን ከሱቁ ጓሮ ካርታ ሲጫወቱ አገኟቸው። አባቴ «ማሎ! ኢጆሌ እኮ ናቸው፣ ምን አደረጉ?» እያሉ፣ እባካችሁ ልጆች ናቸው ማለታቸው ነው፣ እስከ አስፋልቱ ተከተሏቸው።

ያጎሯቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። በእግር ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ባጃጅ የሚባል ነገር ያን ጊዜ አይታይም። ምግብ የሚገባው በቀን አንድ ጊዜ፣ ረፋድ ላይ፣ ያውም በሴት እጅ ብቻ ነው። የሱቋን እናት እግራቸውን ስለሚያማቸው ተስማማን፤ አንድ ቀን እሳቸው ለሁለቱም ይሠራሉ፣ በማግስቱ እኔ ለሁለቱም እሠራለሁ፣ መንገዱን ግን ሁልጊዜም እኔ እሄዳለሁ።

የገና ጾም ስለነበረ በእኔ ተራ ድርቆሹን አንድ ቀን በሽሮ፣ አንድ ቀን በተልባ፣ አንድ ቀን ከሱቁ በመጣ የቲማቲም ድልህ አርሰዋለሁ። በሳቸው ተራ ሩዝ በምስር ነው፣ ወይም ፓስታ። ዕቃውን ሲያቀብሉኝ በየጊዜው «ለወንድምሽ ብዬ ቅቤ የነካ ድስት አልተጠቀምኩም፤ አትስጊ» ይሉኛል። አንድም ቀን ሳይናገሩ ቀርተው አያውቁም። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ «ቅመሺ» ይለኛል፤ እቀምሳለሁ። ምሳ ዕቃው ገብቶ ባዶውን ይወጣልኛል። ያ ባዶ ዕቃ ነበር ልጆቹ በሕይወት መኖራቸውን የሚነግረን። የሱቋ እናት ክዳኑን ከፍተው ካዩ በኋላ «አልሐምዱሊላህ፣ በልተዋል» ብለው ይቀመጣሉ።

እንዲህ እያልን ገና ደረሰ። ተራው የእኔ ነበር። ቅርጫ የለ፣ ዶሮ የለ፤ ቤት ውስጥ የቀረው የማዳበሪያው ቂጥ ላይ ያለ ድርቆሽና ከጾሙ በፊት ተዘልዝሎ የተሰቀለ አንድ ገመድ ቋንጣ ብቻ ነው። ወንድሜ ዓመት በዓሉን ሥጋ ሳይቀምስ አይውልም አልኩ። ቋንጣውን አድቅቄ ከትፌ፣ በቅቤ አቁላልቼ፣ ድርቆሹን ገልብጬበት ክዳኑን ከደንኩ። ሽታው ቤቱን ሞላው። ስሠራው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከታሰሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንጎራጎርኩ። የጠባቂው እጅ እንኳ ያን ቀን አላስቻለውም። እኔ ከቀመስኩ በኋላ አንድ ቋንጣ በጣቱ አንሥቶ ጎረሰና «ደግሳችኋልሳ!» አለኝ። ዕቃው ባዶውን ወጣልኝ። የሱቋ እናት ከፍተው አዩና አልሐምዱሊላህ አሉ።

በሳምንቱ ወንድሜ ተፈታ። የመጣው ብቻውን ነው። ጓደኛውን ከሌሎች ጋር የት እንደሆነ ወዳልታወቀ ቦታ ወስደውታል። እግሩን በሞቀ ውሃ ስንነክር፣ እኔ ሞኟ፣ እንዲመሰገንልኝ ፈልጌ «የገናው ቋንጣ ደረሳችሁ?» አልኩት።

«ደርሶናል» አለ። ቀና ብሎም አላየኝም። «እሱ ግን አልበላም።»

«ምነው፣ አሞት ነበር?»

«ሥጋ እኮ ነው፣ እህቴ። የክርስቲያን ሥጋ።»

ውሃው ውስጥ የነበረው እጄ እዚያው ቀረ። በአገራችን ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን። ሠርግ ስንደግስ ለጎረቤቶቻችን በሬው ለብቻ በራሳቸው ሰው ይታረዳል፣ ድስቱም ለብቻ ነው። ይህንን ስሜን የማውቀውን ያህል አውቀዋለሁ። ታዲያ እንዴት ረሳሁት? ሳምንታት ሙሉ ከአንድ ዕቃ ስለበሉ ነው የረሳሁት። አብረው የሚበሉት ስለሚዋደዱ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ያን ሁሉ ቀን አንድ ሳህን ላይ ያቆያቸው የእኛ ጾም ነበር። እኔ ጾሙ ተፈታ ብዬ ስፈነድቅ የእሱ ጾም መጀመሩን አላየሁም። እናቱ የእኔን ወንድም ጾም አንድ ቀን ሳይረሱ፣ እኔ የሳቸውን ልጅ በአንድ ቀን ረሳሁት።

«ቋንጣውን ለቅመን አወጣንለት» አለ ወንድሜ፤ «ድርቆሹ ግን ጠጥቶታል። ‹እናንተ ብሉ፣ እኔ የእማዬ የትናንቱ ሩዝ ገና ከሆዴ አልወጣም› አለና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።»

«አንተስ?»

«በላሁ። ርቦኝ ነበር።» ከዚያ እግሩን ከውሃው አወጣ። «ከሰዓት በኋላ መኪና መጣ። ስም ጠሩ። የእሱም ተጠራ።»

በጥፊ ልመታው ፈለግሁ። ምን አጠፋ? የሠራሁት እኔ ነኝ። ጠባቂው እንኳ በልቶለታል፤ ያልበላው እሱ ብቻ ነው።

አባቴ ከመደቡ ላይ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እናቱ በገና ዕለት መወሰዱን ይወቁ፤ የምግቡን ግን አትንገሪ። ይምጣና ራሱ ይንገራቸው። ዕድሜሽን ሙሉ ሲያበሽቅሽ ይኖራል።» እውነታቸውን ነው ብዬ አመንኩ። እኔም የምለውን አዘጋጀሁ። በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ ገና ክዳኑን ሳያነሣ፣ ይቅር በለኝ ልለው ነው። እሱም ስቆ ሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነው። በየቀኑ ይህን እያሰብኩ ድርቆሽ አረጥብ ነበር።

በዚያው ሰሞን ማስተር ፕላኑ ቀረ ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ሰው ጮቤ ረገጠ፣ ሱቆች ተከፈቱ፣ ወፍጮ ቤቱ ሥራ ጀመረ፣ እኔም ቱታዬን ለብሼ ወደ ፋብሪካው ተመለስኩ። ፕላኑ ቀረ። ልጁም ቀረ። ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት የሱቁ አባት ሩቅ ቦታ ተጠርተው ሄደው ሬሳ ይዘው ተመለሱ። ታሞ ነው ብለዋቸዋል። ምን አሞት እንደነበር የነገራቸው የለም። የዚያኑ ዕለት ተቀበረ።

ለቅሶ ቤት ምስር ወጥ ይዤ ሄድኩ። ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው፣ ማንም ሰው ሊበላው የሚችል። ዘግይቼ ብልጥ ሆንኩ። እናትየው ምንጣፉ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ወንድሜን ሲያዩት አጠገባቸው አስቀመጡትና ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት።

«ከመውሰዳቸው በፊት» አሉት፤ «ያን ቀን ልጄ በልቶ ነበር?»

ወንድሜ አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«በልቷል» አለ።

«ምን በላ?»

«ፍርፍር።»

«ጠግቦ ነው የሄደው?»

«ጠግቦ ነው፣ እማማ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከታሰሩበት ቀን ጀምሮ እንዲያ ሲተነፍሱ አይቻቸው አላውቅም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያን ቀን ያንቺ ተራ ነበር፣ አይደል?» አሉና እጄን ስበው መዳፌን ሳሙት። «አላህ እጅሽን ይባርከው፣ ልጄ። የእኔን ልጅ ሆዱን ሳይርበው ሸኘሽልኝ።»

«አሜን» አልኳቸው።