ወተት የሌለው ቁልቋል

ባለፈው ሳምንት አንድ ችግኝ ሻጭ ፊት ቆሜ፣ በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ የተተከለ ጠፍጣፋ ጥርሳም ቅጠል አየሁና ልቤ ዘለለ። በሁለት ጣቴ ያዝ አደረግሁት፤ ወፍራምና ቀዝቃዛ ነው፣ ጠርዙ እንደ ማጭድ ጥርስ ጥርስ አለው። ፀሐይ ላይ አስቀምጦት ግማሹ ቀልቷል።

«ቁልቋል ነው እኮ እቱ፣ ውሃ እንዳትሰጪው» አለኝ ሻጩ።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። «ቁልቋልህን አጥርህ ላይ ትከል! ይህ ጥላ ወዳድ ነው፣ ኑሮው ዛፍ ላይ ነው፣ አንሳው ከዚህ ፀሐይ!» ብዬ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ጮህሁበት። ሰውዬው ደንግጦ አነሳው። ገዝቼው ወደ ቤቴ ስሄድ ግን ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር። ምክንያቱም ያን ስሕተት ከእሱ በፊት እኛ የቁስቋም ሰፈር ሰዎች፣ የባዮሎጂ መምህራችን ሳይቀሩ፣ አንድ በአንድ ሠርተነዋል። ስሙኝማ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አባቴ ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ቤታችን ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዝቅ ብሎ ነው። የአጥር ጎረቤታችን አንዲት ባልቴት ነበሩ፣ ሰፈሩ በሙሉ እቴቴ ይላቸዋል። እናቴ ገበያ ስትውል እኔን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እቴቴ ለአንዲት ፈረንጅ ሐኪም ልብስ ያጥቡ ነበር። ሐኪሟ አገሯ ልትገባ ስትል ያን ጥርሳም ቅጠል በጣሳ ሰጠቻቸው። አማርኛዋ ከአሥር ቃል አይበልጥም። ሁለት እጇን እንደ ሰሃን ዘርግታ «አበባ! ትልቅ! ትልቅ!» አለቻቸውና ሄደች። ስሙን አልነገረቻቸውም፣ እንዴት እንደሚያዝም አላሳየቻቸውም።

በዚያው ሰሞን ነው እንግዲህ እቴቴ ዓይናቸውን ታይተው «ግላኮማ ነው» የተባሉት። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን፣ እስከ መቼ እንደሆነ ግን አናውቅም አሏቸው ሐኪሞቹ። ዙሪያው ሁሉ ጨልሞባቸው መሃሉ ብቻ ነበር የቀራቸው። «በመቃ ቀዳዳ እንደማይ ቁጠሪው ልጄ» አሉኝ አንድ ቀን። «ሞትም አልፈራ፣ ጨለማም አልፈራ። ያቺ ፈረንጅ እንዲያ እጇን የዘረጋችለትን አበባ ሳላይ ዓይኔ እንዳይዘጋ ነው የምፈራው።»

«እኔ አሳይዎታለሁ!» አልኋቸው። ምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ማን እንደሚነግረኝ ሳላስብ። እንዲህ ነበርሁ፣ አፌ ከእግሬ ይቀድማል።

ሰፈሩ ተሰብስቦ አየው፤ «ቁልቋል ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል?» ብሎ ፈረደ። እኔ አላመንሁም። አንዷን ቅጠል ደብተሬ መሃል አድርጌ ለባዮሎጂ መምህራችን ወሰድሁላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፣ መልሰው አድርገው አዩት። «ካክተስ ነው። አገሩ በረሃ ነው፤ ፀሐይ ስጪው። ውሃ ገዳዩ ነው» አሉኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ያን ዕለት ከትምህርት ቤት እየሮጥሁ ሄጄ ጣሳውን የእቴቴ የድንጋይ ካብ አናት ላይ ሰቀልሁት። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ጠብታ ውሃ አላገኘም። ቅጠሉ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ቢጫ ሆነ፣ በመጨረሻ እንደ ደረቀ በርበሬ ተጨማደደ። እኔ ግን «በረሃው እየተስማማው ነው» እያልሁ ለእቴቴ አበሥር ነበር። አይ የኔ እውቀት!

እሱ ሲጨማደድ የእቴቴም ዓይን እየባሰበት ሄደ። አንድ ቀን የውሃ ጀሪካን አደናቅፏቸው በግንባራቸው ወደቁ። አብራቸው የምትኖረው ምራታቸው ያን ጊዜ ገና ዳዴ የሚል ልጅ ነበራት። እሷ ናት ነገሩን የገጣጠመችው። «የእርስዎን ዓይን ያጠፋው ይህ ቁልቋል ነው! ነገ ደግሞ ልጄን ያጠፋብኛል» አለች። አልፈርድባትም። እኛ አገር የቁልቋል ወተት ዓይን እንደሚያጠፋ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል፤ አጥር ስር ስንጫወት ስንቴ ተቆንጥጠንበታል! እቴቴ ደግሞ በየጠዋቱ የቅጠሉን አቧራ በጣታቸው ሲጠርጉ ነው የከረሙት። ሰው ሁሉ «እውነቷን እኮ ነው» አለ። እቴቴ ራሳቸው ጣታቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው እያገላበጡ አዩ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ተክሉን አመድ መድፊያው ላይ ተጥሎ አገኘሁት። ደሜ ፈላ። አንስቼ ግቢያቸው መሃል ቆምሁና «ይኸው፣ እዩ! የታለ ወተቱ?» ብዬ አንዱን ቅጠል ቀነጠስሁት። ከተቀነጠሰው ላይ እንደ ጤዛ ያለ ጥርት ያለ ውሃ ብቅ አለ። ወተት የሚባል ነገር የለም።

ምራታቸው ልጇን አቅፋ ወደ ኋላ እያለች «በፀሐይ ደርቆ ነው» አለች።

«ደርቆ ነው? ቆይማ!» ሮጬ ከአጥሩ የእውነተኛውን ቁልቋል ጫፍ ሰበርሁት። ያ ነጭ ወተት ፈስሶ እጄን ሞላው! ምራታቸው «ወይኔ ልጄን! ጉድ ፈላ!» ብላ ጮኸች። እቴቴ ጩኸቱን ተከትለው መጡና ሁለት እጄን ከአንጓዬ ላይ ግጥም አድርገው ያዙ። «ወደ ዓይንሽ እንዳትወስጂ! እጅሽን እንዳታነሽ! አንቺ ደግሞ ሳሙና አምጪ፣ ምን ትጮኺያለሽ!» እያጠቡኝ፣ ሳሙናው ግማሽ እስኪሆን አልለቀቁኝም። እንዲያ ተይዤ እንኳ አፌ አላረፈም፣ «እቴቴ፣ ልዩነቱን አዩ? የእርስዎ ወተት የለውም! ቁልቋል አይደለም!» እላለሁ። ምራታቸው የተቀነጠሰውን ቅጠል በእንጨት ጫፍ ገልብጣ አየችው። «እውነትም የለውም» አለች በመጨረሻ፣ ሳቅም መጣባት። እቴቴ ግን አለቀሱ። በራሳቸው ጣት ዓይናቸውን እንዳላጠፉ ያወቁት ያን ቀን ነው።

ቁልቋል ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? በማግስቱ ወደ ኢንተርኔት ቤት ሄድሁ። ቅጠሏን ከኮምፒዩተሩ ጎን አጋድሜ «ጠፍጣፋ ቅጠል ያለው ካክተስ» ብዬ በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ጻፍሁ። ሥዕል ከሥዕል ሳስተያይ፣ ያው ጠፍጣፋ፣ ያው ጥርሳም፣ ከጥርሱ መሃል ሰሃን የሚያህል ቀይ አበባ የፈነዳበት ብቅ አለ! ስነሣ ወንበሩ ወደቀ። መዝገበ ቃላት እያገላበጥሁ አነበብሁት። ካክተስ መሆኑስ ካክተስ ነው፤ መምህራችን እዚያ ላይ አልተሳሳቱም። አገሩ ግን በረሃ አይደለም። ዝናባም ጫካ ውስጥ፣ የትልልቅ ዛፎች ባላ ላይ ተቀምጦ፣ እዚያው በሚበሰብስ ቅጠል ነው የሚኖረው። ጥላ ይወዳል፣ በክረምት ይጠጣል፣ በብርድ ወራት ያርፋል። እኛ ሁለት ወር ሙሉ ስናቃጥለው ነው የከረምነው። አፈርሁም፣ ደስም አለኝ፤ የቱ እንደበለጠ እስካሁን አላውቀውም።

የበሰበሰ ቅጠል ደግሞ ከየት ይመጣል? ቁስቋም ቅጥር ውስጥ ነዋ! ያ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ሲነኩት የሚሞቅ አፈር፣ ከወይራው ስር ለስንት ዘመን የተከማቸ። የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ሞልቼ ስወጣ በሩ ላይ ዘበኛው፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ያዙኝ። «ምነው ልጄ፣ ቦርሳሽ አፈር አፈር ይላል?» ብለው ቀጥ አድርገው ወደ አባቴ ወሰዱኝ። አባቴ በተማሪዎቻቸው መሃል ተቀምጠዋል።

«ከዚህ ቅጥር ጭራሮ አይወጣም» አሉ አባቴ። «የመሪጌታ ልጅ ሆነሽ አፈሩን ጭነሽ ትውጪ?»

«አባባ፣ አበባው ካልወጣ እኮ እቴቴ ሳያዩት…» አልሁ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍሁላቸው፤ ፈረንጇን፣ ወተቱን፣ የዛፉን ባላ። ተማሪዎቹ ትምህርቱን ትተው አፋቸውን ከፍተው ይሰሙኛል። አባቴ ጺማቸውን አሻሹ።

«አፈሩ አይወጣም አልሁ እንጂ፣ ተክሉ አይገባም መቼ አልሁ?»

እልል ማለት ነበር የቀረኝ! ያኑ ዕለት አባቴ ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ከወለቃ ያመጡትን ሸክላ በምስማር ቂጡን በሳሁት፣ በዚያ ጥቁር አፈር ሞላሁት፣ የተረፉትን ሦስት ቅጠሎች ተከልሁ። ተማሪዎቹ በገመድ አድርገው ከአሮጌው ወይራ ባላ ላይ አሰሩልኝ። ስም እንኳ አወጡለት አባቴ። «ዘእንበለ ሐሊብ» አሉት፣ ወተት አልባ ማለት ነው በግዕዝ። ተማሪዎቹ ግን ስሙን ለእኔ አደረጉትና፣ ውሃ ይዤ በመጣሁ ቁጥር «ዘእንበለ ሐሊብ መጣች!» እያሉ ያበሽቁኝ ነበር።

ክረምቱ ገባ። ወይራው ላይ የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ሁሉ ውሃ ጠግቦ ሲያንጠባጥብ፣ የኔም ተክል ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ። አዳዲስ ቅጠል አወጣ፣ አንዱ ክንዴን ያህል! እቴቴ በየጠዋቱ ከኪዳን መልስ ወይራው ስር ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። «ዛሬስ ምን አለ?» ይላሉ፤ እኔ እነግራቸዋለሁ። ጥቅምት አለፈ፣ ብርዱ መጣ፣ ውሃ ቀነስሁለት። ግን እሳቸው ድንጋዩን በእጃቸው እየፈለጉ መቀመጥ ጀምረው ነበር። ቀዳዳው እየጠበበ ነው። አንዳንድ ቀን ተክሉን «ቶሎ በል እንጂ አንተ!» ብዬ እቆጣው ነበር።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ሁለት እንቡጦች አየሁ! ከቅጠሉ ጥርስ መሃል፣ የምስር ፍሬ የሚያክሉ፣ ቀያዮች። ቁልቁል እስከ ሰፈር ድረስ እየጮህሁ ወረድሁ፤ አንዷ ሴት ሰው የሞተ መስሏት ነጠላዋን ይዛ ወጣች። እንቡጦቹ በየቀኑ ያድጋሉ፤ እኔ በቀን አምስት ጊዜ አያቸዋለሁ። ታዲያ መች አርፌ ተቀመጥሁ? እቴቴ ከተቀመጡበት ደኅና አድርገው እንዲያዩ ብዬ ሸክላውን ወደ ብርሃኑ አዞርሁት። በሦስተኛው ቀን አንዱ እንቡጥ ቢጫ ሆኖ እግሬ ስር ወደቀ። እንቡጥ ከያዘ ወዲያ እንደማይነካ አንብቤ ነበር እኮ!

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» አሉኝ አባቴ። እቴቴ ዘንድ ሄጄ እያለቀስሁ ነገርኋቸው። ሳቁብኝ። «ለኔ ቀዳዳ አንድ ይበቃል» አሉ።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት፣ ከወይራው ስር ቆሜ ቀና ስል የቀረው እንቡጥ ፈንድቷል! እንዴት ልንገራችሁ? ቀይ ነው፣ ውስጡ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ መሃሉ በነጫጭ ክር የተሞላ፣ የፀሐዩ ጮራ በቅጠሉ መሃል ገብቶ በላዩ ሲያልፍ የሚነድ ይመስላል። ፈረንጇ አልዋሸችም፤ ሰሃን ያክላል። ተማሪዎቹ ዛፉ ላይ ወጥተው ሸክላውን ቀስ አድርገው አወረዱልኝ። እኔ እቴቴን በእጃቸው ይዤ ማምጣቴን እንጂ መንገዱን አላስታውሰውም።

ሸክላውን ከጭናቸው ላይ አስቀመጥሁት። አንገታቸውን ወዲያ ወዲህ እያሉ በዚያች በቀረቻቸው ቀዳዳ ፈለጉት። አገኙት። «አየሁህ!» አሉ፣ ሰው አግኝተው እንደሚያነጋግሩ። «እሰይ! አንተ ሸጋ፣ አየሁህ!» ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያሉ፣ እንደ ጽሑፍ መስመር በመስመር አነበቡት። 

ከዚያ ቀና አሉ። «በቃኝ። ነይ አሁን፣ አንቺ ብርሃኑ ላይ ቁሚልኝ።»

«እኔን? እቴቴ፣ አበባው እኮ…»

«አበባውን አየሁት አልሁሽ። ቁሚ።»

ቆምሁ። ግንባሬን አዩ፣ ቅንድቤን፣ ዓይኖቼን ተራ በተራ። አፍንጫዬ ላይ ቆዩ። «ጉንጭሽ ላይ አፈር አለ» አሉኝ። እጄን ሳነሳ ያዙት። «ተይው፣ አትጥረጊው። እንዲሁ እንዳለሽ በልቤ ልያዝሽ።»

የሚቀጥለው ፋሲካ ሲደርስ ምንም አያዩም ነበር። ተክሉ አራት አበባ አወጣ፤ እኔ በቃል ነገርኋቸው።

ከዓመታት በኋላ፣ በሠርጌ ቀን፣ ሚዜዎቼ ስንት ሰዓት ኩለው ቀብተው ያስጌጡልኝን ፊት ይዤ ልሳለማቸው ሄድሁ። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። አውራ ጣታቸው ጉንጬን ሲፈልግ ተሰማኝ።

«አፈሩስ?» አሉኝ።

«አለ፣ እቴቴ። አልጠረግሁትም።»