ሲግናሉ የሞላበት ግድግዳ

ሁሉም «እትዬ» የሚሏት አትክልተኛ በዚያ ችግኝ ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታ አራት ሥራ አስኪያጅ ሸኝታለች። አራቱም ምንም ሳይነካኩ ሄዱ፤ እግዜር ይስጣቸው። አምስተኛው ግን አዲስ ነገር ካላመጣ እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት ሰው ሆነና ሴንሰር ገዛ፤ የደጁን ሙቀት ያለ ሽቦ ወደ ቢሮው ስክሪን የሚልክ፣ መዳፍ የማይሞላ ነጭ ዕቃ።

እስከዚያ ድረስ ከሥራ መውጫ ላይ ችግኞቹ ለሌሊቱ ብርድ ላስቲክ ይልበሱ አይልበሱ የምትወስነው እሷ ነበረች። አፈሩን በእጇ ጀርባ ትነካለች፣ ሰማዩን ታያለች፣ በቃ። አሁን ላስቲክ የሚወጣው ቁጥሩ ከአሥር ሲወርድ ብቻ ነው ተባለ፤ ላስቲኩ ያለበት መጋዘን ቁልፍም ሥራ አስኪያጁ ኪስ ገባ። በወቅቱ ስድስት መደብ የብርቱካን ችግኝ ነበራት፤ ቅርንጫፍ ከግንድ እያጋጠመች አንድ በአንድ ያሰረቻቸው፣ የሰባት ወር ልፋቷ።

ዕቃው የት ይሰቀል? ለዚህም ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ሒሳብ ሹሙና የንብረት ክፍሉ ኃላፊ። እትዬ ማንም ሳይጠይቃት ነገረቻቸው። ችግኞቹ ባሉበት ዝቅተኛ ቦታ፣ ጥላ ውስጥ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ደረት በሚደርስ እንጨት ላይ ይሁን አለች። አመስግነዋት ዕቃውንና ስክሪኑን ይዘው ግቢውን ዞሩ። ታች መደቦቹ ጋ ሲግናሉ አንድ መስመር ብቻ አሳየ። የከሰዓት ፀሐይ የሚጠብሰው፣ ከጀርባው የሻይ ክበቡ ምድጃ የሚነድበት የቢሮው ግድግዳ ላይ ሲያስጠጉት ግን አራቱም መስመር ሞላ። ተጨበጨበ። የችግኝ ብርድ ሊለኩ ወጥተው የግድግዳ ሙቀት ለክተው ገቡ፤ ያውም ሦስት የተማሩ ሰዎች።

ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ቀጥ ባለበት አንድ ከሰዓት አፈሩን ነካችና ሌሊቱን ውርጭ እንደሚጥል አወቀች። ቁልፉን ልትጠይቅ ወደ ቢሮው ወጣች።

«ስክሪኑ ሃያ አራት ነው የሚለው፣ እትዬ» አላት ሥራ አስኪያጁ ቀና ሳይል።

«ልጄ፣ ችግኞቹ እኮ ግድግዳው ላይ አይደለም የበቀሉት።»

ቁጥር ቁጥር ነው ብሎ ሸኛት። ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ቤቷ ሄደችና የራሷንና የባሏን ብርድ ልብስ ተሸክማ ተመለሰች። የበቃው ለአንድ መደብ ብቻ ነበር። ባሏ ኮቱን ለብሶ ተኛ።

ጠዋት አምስቱን መደብ ውርጭ አጥቁሮት ጠበቃት። መሬት ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስክሪኑ ያን ሰዓትም አሥራ አንድ ይል ነበር፤ ሻይ ተጥዶ ነበርና።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሴንሰሩ ይነሣ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም፤ በገዛ እጃቸው አጨብጭበው የሰቀሉትን ማን ያውርድ። የለመለመው ስድስተኛ መደብ ግን ዓይናቸው ሥር ቆሞ አሳጣቸው፤ ለእሱም መላ አላጡም። ቁጥሩ ሳይፈቅድ ችግኝ አልብሳለች ብለው ለእትዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉላት።

«ምን ላድርግ፣ ቁጥሩን አላከበሩም» አላት ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን እያቀበላት።

«አምስቱ መደብ አክብረውት ነበር» አለችው።

ፈርማ ተቀበለችና የሞቱትን ልትነቅል ወረደች።