የብረቱን ኳስ የያዘው ገመድ የእኔ ነው

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ማለቴ እሱ ነው የቆመው፣ እኔ አልቆምኩም። ቢሆንም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ በፊዚክስ፣ ሰው ሁሉ እያየ ተጨብጭቦልኛል። ሽሮ ሜዳ ውስጥ እንዲህ የሚል ሌላ ሸማኔ ካለ ይምጣ።

ነገሩ አምና ነው። አራት ኪሎ በየዓመቱ አንድ የፊዚክስ ንግግር ይደረጋል። ልጅ ያልወለዱ አንድ የድሮ መምህር ሲሞቱ ያላቸውን ገንዘብ ባንክ ትተው፣ በገንዘቡ ወለድ በየዓመቱ አንድ አዋቂ ሕዝብ ያስተምር፣ በሩም ለማንም አይዘጋ ብለው ተናዝዘዋል። መንግሥት ተለወጠ፣ ሰው ሁሉ ጓድ ሆነ፣ ንግግሩ ግን አልቆመም።

የአምናው ተናጋሪ ቁስቋም የሚኖሩ መምህር ነበሩ፤ ጋቢያቸውን አባቴ ነው የሚሠራላቸው። አንድ ቀን ቤታችን መጡና ገመድ ፈለጉ። ከባድ የብረት ኳስ ከአዳራሹ ጣሪያ አንጠልጥለው ሊያወዛውዙ ነው። የገበያ ገመድ ቢሞክሩ ግምዱ እየተፈታ ኳሱን እንደ እንዝርት ያሾረዋል። ሽቦ ደግሞ ከግምጃ ቤት እስኪወጣ ስንት ጓድ መፈረም አለበት።

«እኛ የምንሠራው ልብስ ነው» አላቸው አባቴ።

«እኔ እሠራዋለሁ!» አልኩ፣ እግሬን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እንደከተትኩ።

አባቴ ዞሮ አየኝ። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ በእጅ ፍጥነት ሰፈሩ ውስጥ የሚደርስብኝ የለም። አባቴ ግን ጥለት አስነክቶኝ አያውቅም። ነጩን ብቻ ነበር የምሠራው። ጥለቱ የቤቱ ስም ነው፣ አፉ ለሚቀድም ሰው አይሰጥም ይላል።

«ከተበጠሰ ሰው ይጎዳል» አለኝ። «ሰው ከተጎዳ ጥለት የሚባል ነገር እርሳው። እስክትሸብት ነጭ ትሠራለህ።»

«ካልተበጠሰስ?»

«መጀመሪያ አይበጠስ።»

መምህሩ «አሥር ክንድ» ብለውኝ ሄዱ። ፈትሉን ደራርቤ ጎነጎንኩት፤ ጉንጉን እንደ ግምድ አይፈታም፣ አያሾርም። ጥጥ መጀመሪያ ክብደት ሲያገኝ ስለሚሳብ፣ ድንጋይ አስሬ ባሕር ዛፍ ላይ ሦስት ቀን አንጠለጠልኩት። ይህን ያስተማረኝ ማንም የለም። እ... ማለቴ አባቴ ነው።

የንግግሩ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከመምህሩ ጋር አዳራሹ ገብተን ሰቀልነው። ኳሱ መሬት ላይ ቁጭ አለ! ሕዝቡ በር ላይ ተሰልፏል።

«አሥር ክንድ አላልኩህም?»

«አሥር ነው ጋሼ፣ ይለኩት።»

ለኩት። በእሳቸው ክንድ አሥራ ሁለት ሆነ። እኛ ሰፈር ሸማ የሚለካው በክንድ ነው፤ ገዢው እንዲያተርፍ ክንደ ረጅም ዘመድ ይዞ ይመጣል። ዘመድ የሌለው እኔን ነው የሚያስጠራው። መምህሩ ደግሞ አጭር ናቸው፤ እውቀቱ ከብዷቸው ይሆናል።

«ፊዚክስ የሚያህል ነገር እያስተማሩ በክንድ ያዛሉ እንዴ?»

«ሸማኔ ስለሆንክ ነዋ! በሜትር ባዝህ የናቅኩህ እንዳይመስልህ ብዬ።»

መሰላሉን ወጣሁ። ገመድ መሃሉን ከቋጠሩት እዚያው ይደክማል። ስለዚህ ትርፉን የጣሪያው ብረት ላይ ጠመጠምኩና፣ ድር ወጥረን ካስማ ላይ በምናስርበት ቋጠሮ አሰርኩት። ስወርድ አባቴ መጥቶ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ከንግግሩ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝን ግማሽ ግን ዛሬም ሽሮ ሜዳ ላይ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አስረዳለሁ። ኳሱ የተሰጠውን ጉልበት ይዞ ይሄዳል፣ ያልተሰጠውን ከየትም አያመጣም፤ ስለዚህ ከተለቀቀበት ከፍታ አልፎ አይመለስም። በቃ።

«አሁን ኳሱን አፍንጫው ሥር ይዞ የሚለቅ ሰው እፈልጋለሁ» አሉ መምህሩ።

የሚነሳ ጠፋ። ፊት የተቀመጡት ባለ ከረባቶች ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

«ገመዱ ይይዛል ብለኸኛል፣ አይደል?» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው።

«ዝሆን ይይዛል ጋሼ!»

«እንግዲያው አንተው ና።»

አዳራሹ ሳቀ። ግድግዳውን ተደግፌ ኳሱን አፍንጫዬ ላይ አስጠጋሁ። «አትግፋው፣ ልቀቀው ብቻ። ጭንቅላትህን ደግሞ እንዳታነቃንቅ» አሉ። ለቀቅኩት። እስከ ወዲያኛው ጫፍ ሄደና ተመለሰ። የጣሪያው ብረት ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ዓይኔን አልጨፈንኩም። የጨፈንኩ መስሎ የታያቸው አሉ፤ ርቀው ስለተቀመጡ ነው። ኳሱ ጣት ሲቀረው ቆመ፣ ንፋሱ ብቻ አፍንጫዬን ነካኝ፣ ተመልሶ ሄደ።

ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። አባቴ አላጨበጨበም፤ አንገቱን አቅንቶ ቋጠሮውን ነበር የሚያየው።

ዳገቱን አብረን ወጣን።

«ቋጠሮህ አልተንሸራተተም» አለ ስድስት ኪሎን ስናልፍ።

«አልተንሸራተተም አባባ።»

«ትርፉንም አልቆረጥከውም።»

«አልቆረጥኩትም።»

ጥቂት ሄድን። «ሰኞ የሙሽራ ቀሚስ ይጀመራል» አለኝ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ። «ጥለቱን አንተ ያዘው።»

እኔ፣ ለሁሉም መልስ ያለኝ ሰውዬ፣ ቤት ገብቼ ዝም ብዬ ስቀመጥ እናቴ ያመመኝ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰች።