ኮምፒዩተሩ የቆረጠው እግሬ

የመንግሥትን ኮምፒዩተር ማማት ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ አንባቢ አስቀድሞ ይቅር ይበለኝ።

ላሊበላ የምታከምበት ጤና ጣቢያ የሕሙማኑን መዝገብ በኮምፒዩተር ከሌሎች ሐኪም ቤቶች ጋር ባገናኘ ሰሞን፣ የደም ምርመራዬን ውጤት ልሰማ ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም ስክሪኑን አየና ተከዘ።

«አባባ፣ ስኳርዎ በጣም ከፍ ብሏል። ከዛሬ ጀምሮ መርፌ ይወስዳሉ።»

ማርና ጠጅን በልቤ ተሰናበትኳቸው።

«ግራ እግርዎስ፣ ከተቆረጠ ወዲህ እንዴት ነው?»

ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ከጠረጴዛው ሥር አየን። እግሬ አለ። ሐኪሙ እንዳያፍር ብዬ ወደ ኋላ ሸሸግ አደረግኩት።

«የተወለዱት በእርግጥ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው?»

«ኧረ ማን ያውቃል ልጄ! እኛ የላስታ ሰዎች ልደታችንን ካላወቅን ከቅዱስ ላሊበላ ጋር በገና ተወለድን እንላለን። ገብረ መስቀል የሚለውን ስማችንንም ከእሳቸው የንግሥና ስም ነው የምንወስደው።»

ሐኪሙ በሩን ከፈተ። «በገና የተወለደ ሌላ ገብረ መስቀል ታደሰ አለ?»

አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት ሦስት ሰዎች ተነሡ። አንደኛው ሽማግሌ ክራንች ይዘው ነበር፤ ከሁሉም ቀድመው ገቡ።

«ስኳሩ የኔ ነው! እዚያኛው ክፍል ጤነኛ ነዎት ብለው መርፌዬን ሊያስቆሙኝ ነበር እኮ!» ብለው አቀፉኝ። «እግዜር ይስጥልኝ ወንድምዓለም፣ ስኳሬን ስላቆየህልኝ።»

በሁለቱም እግሮቼ እየሮጥኩ ወጣሁ።

አደራ፣ ለማንም አትንገሩብኝ፤ ልደታችሁን ቀይሩ የሚል መመሪያ ይመጣብናል።