የጋሽ ታምራት ሎርድ

እስካለፈው ጥቅምት ድረስ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለባሌ አልተናገርኩም። ነፍስ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ትንንሹን ኃጢአቴን ዘርዝሬ ይህን ዘልዬ ተነሥቻለሁ። አሁን ለእናንተ ልናገረው።

የሰው ሥራ ሰረቅሁ። ሰርቄ ብቻ ዝም ብል እንኳ አንድ ነገር ነበር። እኔ ግን ለባለቤቱ «አይረባም» አልኩት።

ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ታሪክ ለመማር ቶሮንቶ መጥቼ ዌስተን ሰፈር አፓርትመንት ተከራየሁ። የሕንፃው ሱፐር ጋሽ ታምራት ነበሩ፤ ቧንቧ ሲፈስ፣ ማሞቂያ ሲቆም የምንጠራቸው ሰው። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ ናቸው። አገር ቤት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበሩ። አንድ ተከራይ ቤት ሲለቅ ጥሎት ከሄደው ዕቃ መሀል የአንድ እንግሊዛዊ ሎርድ ደብዳቤዎች የታተሙበት መጽሐፍ አገኙ። ከዚያ ወዲያ የዕረፍት ቀናቸውን በሙሉ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ስለዚህ ሰው ያነቡ ጀመር።

የሎርዱን ስም እዚህ አልጠራም፤ ስሙን የመጥራት መብቱ የእሳቸው ነው። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን የኖረ፣ ከመኳንንት ወገን የሆነ ሰው ነው። ሁለተኛ ልጅ ስለነበር ምንም አይደርሰውም ነበር፤ ታላቁ በፈንጣጣ ሲሞት ማዕረጉም ርስቱም ለእሱ ሆነ። የመኳንንቱ ምክር ቤት ሲገባ ይንተባተብ ስለነበር ይሥቁበት ነበር። እሱ ግን ጠዋት ማታ ሠርቶ የባሕር ኃይል ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሰ። ሥልጣኑ ከፍ ባለበት ሰዓት ድንገት ለቀቀ። የመልቀቂያ ደብዳቤው «በጤናዬ ምክንያት» ይላል፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም ይህንኑ እየተቀባበሉ ጻፉ።

ጋሽ ታምራት አላመኑም። አንድ ቀን የኩሽናዬን ቧንቧ እየጠገኑ፣ «እኔ እኮ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ በእጄ ታይፕ አድርጌያለሁ» አሉኝ። «አለቃዬ አንድ የስም ዝርዝር ላይ አልፈርምም አሉ። በነጋታው በጤና ምክንያት ለቀዋል ተብሎ ተጻፈ። ሰውየው ጉንፋን እንኳ አልነበራቸውም።»

ስለዚህ እውነተኛውን ምክንያት ፈለጉ። ሎርዱ ከለቀቀ በኋላ ለእህቱ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ አነበቡ። ሰውየው በየሳምንቱ አደን ይወጣል፤ የሚያማርረው ስለ ፈረሱ እግር ብቻ ነው። በለቀቀበት ሳምንት ደግሞ መርከቦች የጠፉበት አንድ መኮንን ሊከሰስ ነበር። ጥፋቱ የመንግሥት ሆኖ ሳለ በመኮንኑ ላይ እንዲላከክ የሚያዝ ወረቀት ለሎርዱ ቀረበለት። አልፈርምም አለ። በዚህ ወረደ።

ይህን ሁሉ በሦስት ደብተር በአማርኛ ጽፈው ሰጡኝ። «አንቺ ትምህርቱ ላይ ነሽ። እስቲ እዪልኝ፤ ከረባ አብረን ወደ እንግሊዝኛ እንመልሰዋለን» አሉኝ።

እኔ ያን ጊዜ ለማስተርስ ቴሲሴ ርእስ አጥቼ ሱፐርቫይዘሬን እየሸሸሁ ነበር። ደብተሩን አነበብኩ። አነበብኩና ተረጎምኩ። «እኔ እንደደረስኩበት» ብዬ ጻፍኩ። ምን ላይ ነው እኔ የደረስኩት? የገጽ ቁጥሩን እንኳ የለቀሙት እሳቸው ናቸው።

ደብተሮቹን ፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ መለስኩላቸው። «ጋሼ፣ ብዙ ደክመዋል። ግን ግምት ነው፤ የታሪክ ሰዎች አይቀበሉትም» አልኳቸው። ዓይናቸውን እያየሁ አልኩት። «እንደዚያ ነው? እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ» ብለው ደብተሮቹን በብብታቸው ይዘው ሄዱ።

እኔ ተመረቅሁ። ጽሑፌ በመጽሔት ታተመ፤ በእሱ ላይ ዶክትሬት ጨመርኩ፤ ኖርዝ ዮርክ አንድ ኮሌጅ ውስጥ አስተማሪ ሆንኩ። ተማሪዎቼን ስለ ኩረጃ እገሥጻለሁ። እገሥጻቸው ነበር፣ እኔ።

ባለፈው ጥቅምት ዳንፎርዝ ጎዳና ካለ የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ገብቼ ከልጃቸው ከሰናይት ጋር ተገናኘን። ስለ አባቷ ጠየቅኋት። «ጡረታ ወጥቷል። ዓይኑም ደክሟል» አለችኝ። «ድሮ የሚጽፈው ነገር ነበረው፤ በጣም ሀፒ ያደርገው ነበር። የሆነ ሰው አይረባም አለው መሰለኝ፣ ተወው። ላይብረሪ ሄዶ አያውቅም ከዚያ በኋላ።»

ያ ሰው እኔ መሆኔን አላወቀችም። በርበሬውን ሳልገዛ ወጣሁ።

ቅዳሜ ዌስተን ቤታቸው ሄድኩ። ሻይ ሊያፈሉ ሲነሡ «ይቀመጡ ጋሼ» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቁጣ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን፣

«ስለዚህ ልክ ነበርኩ?» አሉኝ።

«ልክ ነበሩ።»

«የታሪክ ሰዎቹ ተቀበሉት?»

«ተቀበሉት። በየመጽሐፋቸው እየጠቀሱት ነው።»

ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሲገልጡት ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ ከንፈራቸው ግን ይሥቃል። «እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዓመት በሞኝነቴ ሳፍር ነው የኖርኩት» አሉ። ከዚያ ሣቁ ጠፋ። «ልጄ፣ መውሰድሽን እችለው ነበር። አይረባም ለምን አልሽኝ?»

«ለሌላ ሰው እንዳያሳዩት» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ቃል የከበደኝ የለም። ስትወጣ ግን ደረቴ ውስጥ አየር ገባ።

ሰኞ ለኮሌጁም ለመጽሔቱም ጻፍኩ። ኮሌጁ ክፍሎቼን ለሌላ ሰጥቶ ጉዳዬን እየመረመረ ነው፤ ሥራዬን ላጣ እችላለሁ፤ ዲግሪዬንም። መጽሔቱ ጽሑፉ በጋሽ ታምራት ስም እንዲስተካከል ተስማምቷል። ለባሌም ነገርኩት፤ በአራተኛው ቀን «እንዴት ቻልሽው?» አለኝ። የቱን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ጽሑፉን አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ያርማሉ። «የሎርዱን እህት ሚስቱ አድርገሻታል፤ ስትሰርቂ እንኳ ተጠንቀቂ እንጂ» ብለውኝ ሁለታችንም ሣቅን። ቀሎኛል። እንዲህ መቅለል የሚገባኝ ሰው ነኝ ወይ? አይደለሁም። ግን ቀሎኛል፤ ይህንንም ብደብቅ ሌላ ውሸት ይሆናል።

ወጣት ነበርኩ፣ ባይተዋር ነበርኩ፣ ጨንቆኝ ነበር ማለት እችላለሁ። እሳቸውም ባይተዋር ነበሩ፤ ግን አልሰረቁም። ይቅርታ ጠይቄያቸው «ገና ነኝ። መጀመሪያ ሥራው ይታረም» አሉኝ። እናንተም ይቅር ለማለት አትቸኩሉልኝ።