ሽንብራ የሌለበት ቆሎ

ልጅ ሳለሁ፣ ኮልፌ ውስጥ በእማማ ብርቄ ግቢ ተከራይተን ስንኖር፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ የከሰል ምድጃውን በረንዳው ላይ ያወጣና እኛን ልጆቹን ሰብስቦ የአንድ ወጣት ወታደር ታሪክ ያወራልን ነበር። ወታደሩ ጓደኞቹ እንዲያፈገፍጉ ብሎ ብቻውን ምሽግ ውስጥ ቀርቶ ሲተኩስ የወደቀ ልጅ ነው። ያኔ ከሰሉ ሲንጣጣ የጥይት ድምፅ እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር፤ ጋሽ ታደሰን ግን አላምነውም። የተረፉት ጓደኞች አንድ ቀን አምስት፣ ሌላ ቀን ዘጠኝ ይሆናሉ። የልጁን ስም ስንጠይቀው ደግሞ «ወታደር ነዋ!» ብሎ ያልፈናል።

እናቴም አታምነውም። «ይሄ ሰውዬ ነገር አለው፤ ስንት ቤት እያለ እዚህ ግቢ ጣራው የሚያፈስ ክፍል ምን አስመረጠው?» ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ ክረምት ላይ ባልዲ ደቅኖ ነው የሚተኛው።

የእማማ ብርቄ አንድ ልጅ ታዬ ዘምቶ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። መርዶ ስላልመጣላቸው ጥቁር አልለበሱም፤ የግቢው በር ሲንኳኳ ከሁላችንም ቀድመው «ማነው?» የሚሉት እሳቸው ነበሩ። ታሪክ በምንሰማበት ምሽት ቆሎ ያመጡልናል፤ ቆሎአቸው ውስጥ ግን አንድም ሽንብራ አይገኝም። እኔ መቼም ተጠራጣሪ ነኝ፣ ደብቀው ለብቻቸው የሚበሉት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ምሽት በኩራዝ ብርሃን ተቀምጠን ጋሽ ታደሰ ከሰሃኑ ቆሎ ዘገነና፣ «ያ ልጅ እኮ ሽንብራ አይወድም፤ ከቆሎው እየለቀመ ለኔ ነበር የሚሰጠኝ» አለ። እስከዚያች ቀን ራሱን ታሪኩ ውስጥ አስገብቶ አያውቅም።

እማማ ብርቄ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ታደሰ፣ ያ ልጅ ስም የለውም?»

ኮፍያውን አውልቆ ተነሳ። «እማማ፣ መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው…»

«እዚህ ከገባህ ስንት ማለዳ አለፈ?»

ጋሽ ታደሰ «ታዬ ነው» ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። እማማ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ጩኸታቸውን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ግቢውን ሞላው። ቆሎው ሽንብራ የማይገባበት ታዬ ድንገት ቢመጣ ተብሎ እንደነበር ያኔ ገባኝና አብሬ አለቀስኩ።

ዛሬም አየር ጤና ታክሲ እየጠበቅኩ ቆሎ ስገዛ ያ ምሽት ይመጣብኛል። ጥርጣሬዬም አልለቀቀኝም። ያን ያህል ጊዜ የተጠነቀቀ ሰው በድንገት ምላሱ አዳለጠው ብዬ አላምንም። ታዬ ያዳናቸውም አምስት ይሁኑ ዘጠኝ፣ ወይስ ጋሽ ታደሰን ብቻ፣ አላውቅም፤ የእናት አንጀት ይችለው ዘንድ ጀግንነቱ ላይ ትንሽ ጨምሮበት ይሆናል። ሽንብራውን ግን አልጠራጠርም። እማማም የተጠራጠሩ አይመስለኝም፤ ከሐዘኑ በኋላ ቆሎአቸው ውስጥ ሽንብራ መጨመር ጀመሩ፣ እሱንም በገዛ እጃቸው እየለቀሙ ለጋሽ ታደሰ ይሰጡት ነበር።