ጾም ነው የተባለው ከረሜላ

ከረሜላው በእትዬ ጣቶች መሃል ተጣብቋል። ስኳሩ ጥፍራቸው ሥር ገብቷል። አንድ እጃቸው መሪው ላይ ነው፤ ሌላውን ወደ ኋላ ወንበር ዘርግተው «አፍሽን ክፈቺ!» አሉኝ።

«ይቅርብኝ እትዬ።»

«በሞቴ! ጉርሻ ይመለሳል እንዴ?»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ከፊት የተቀመጡት ጋሼ ሳቁ። «ተዪያት፤ እሷ እንኳን ከሰው፣ ከእግዜር ጋርም አፏን ሳትከፍት በጽሑፍ ነው የምታወራው።»

«ለወገብሽ መድኃኒት እኮ ነው።»

«መድኃኒት ከሆነ ለምን ይጣፍጣል?»

«ጋሼ ደግሞ ያበዛሉ» አሉ እትዬ። ከረሜላውን ራሳቸው ጎረሱት፣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ላሱ፣ በዚያው እጅ መሪውን ያዙ። መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ።

እትዬ የሚኖሩት ዋይትሆል በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው። ሦስታችንም ኦቤትስ በሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ በጠዋቱ ሽፍት ዕቃ እናሽጋለን። መኪናም መንጃ ፈቃድም ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ ያለኝ የመለማመጃ ፈቃድ ነው፤ ጋሼ ያም የላቸውም። መጋዘኑ ለዘገየም ለቀረም ሰው ፖይንት የሚሉትን የቅጣት ነጥብ ይሰጣል፤ ፖይንቱ ሲሞላ ሥራው ያበቃል። የእኔ ሊሞላ አንድ ነበር የቀረው።

እትዬን ወገባቸውን ያማቸዋል። በፊት የሚወስዱት ሲቢዲ የሚባለውን፣ የማያሰክር የካናቢስ ዘይት ነበር። ማታ፣ ከሥራ ከተመለሱ በኋላ፣ ከምላሳቸው ሥር ያንጠባጥቡታል። የረጠበ ገለባ ይሸታል፤ ቤታቸው ስገባ ትንፋሼን እይዛለሁ። ግን ጠጥተውት ይተኛሉ እንጂ ማንንም አይነኩም ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ በዘይቱ ፋንታ ከረሜላው መጣ። የገዙት ሰፈራችን ካለው ስሞክ ሾፕ፣ ከሲጋራ መሸጫው ነው፤ እንጆሪና ጭስ አንድ ላይ የሚሸት፣ ወለሉ ጫማ የሚይዝ ሱቅ። አብሬያቸው ገብቼ ነበር። ሻጩን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወተት ወይም የከብት ነገር አለው ወይ? የለውም አላቸው። አላመኑትም። ቤት ሲደርሱ ማሸጊያውን ለልጃቸው ሰጧት። እዚሁ የተወለደች፣ ኮሌጅ የምትማር ልጅ ናት።

«ይሄ ነገር ጾም ነው?»

ልጅቷ አየት አደረገችው። «ቬጋን ነው ማም፣ የእንስሳ ነገር የለውም። ኢትስ ፋይን» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

በቃ። ጾም ከሆነ ሌላ ምን ይጠየቃል? እትዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። መድኃኒት ጾም አይፈታም ብለው ግን ከረሜላውን በባዶ ሆዳቸው፣ ገና ከቤት ሳንወጣ ጀመሩት። ያን ቀን ጠዋት መንገድ ላይ ደገሙት። ለእኔ የዘረጉልኝ እሱን ነው።

ሀይዌዩ ላይ እንደወጣን እትዬ ማንም ሳይቀልድ መሳቅ ጀመሩ። መኪናው ቀስ እያለ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ጎማው መስመሩን ረግጦ ይንገጫገጫል፣ እንደገና ይመለሳል። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ለቀቀብን።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ እንቅልፍ ይዞሻል?» አሉ ጋሼ። አሁን አይስቁም።

«ንቁ ነኝ! መንገዱ ነው የረዘመው።»

በመስታወቱ አየኋቸው። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ስኳርና ምራቅ ተጋግሯል። ዝም ብል በሰዓቱ እንደርስ ይሆናል። ሥራዬም ይተርፋል። ጎማው እንደገና ሲንገጫገጭ ግን «ያቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። እንደዚያ መጮህ እንደምችል አላውቅም ነበር።

ከሀይዌዩ ወርደው ነዳጅ ማደያ ገቡ። ተቆጥተዋል። «ሥራ ልታስቀሪን ነው? እንኪ፣ አንቺ ንጂያ! ፈቃድ አለኝ ትዪ የለ?»

ቁልፉን ሰጡኝ። መዳፌ ላይ ተለጠፈ። እኔ መንዳት የምችለው ከጎኔ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሲቀመጥ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እሳቸው ናቸው፣ ቆመው እንኳ የሚወዛወዙት። ቁልፉን በሹራቤ ጫፍ ይዤ ኪሴ ከተትኩት። «አልነዳም። እርስዎም አይነዱም» አልኩ። ጋሼ ለእትዬ ልጅ ኮል አደረጉላት።

መጥታ ማሸጊያውን ከመኪናው ወለል አነሳች። በዚህ ጊዜ እስከ ታች አነበበችው። እሷ በእንግሊዝኛ፣ እናቷ በአማርኛ ተጨቃጨቁ።

«ማም፣ ይሄ ሲቢዲ ብቻ አይደለም። ቲኤችሲ አለው፣ ያሰክራል!»

«ጾም ነው ብለሽኝ!»

«የጠየቅሽኝ እሱን ነዋ! ሱቅ ውስጥ በሕግ መሸጡ ሌላ፣ ወስዶ መንዳት ሌላ። ፖሊስ ቢያስቆምሽ ሰክሮ እንደነዳ ሰው ነው የሚይዝሽ። ሲቢዲ ብቻም ቢሆን እንቅልፍ ካመጣብሽ መሪ አትያዢ።»

«ሰካራም አልሽኝ? በጾም?»

ጋሼ ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔ ማደያው መጸዳጃ ቤት ገብቼ እጄን ታጠብኩ፣ ደግሜም ታጠብኩ። ወገብ ያማል፤ ሳጥን ሳነሳ የምውል ሰው ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። መድኃኒት መውሰዳቸው አላስጠላኝም። ያስጠላኝ ስለ ወተት ጠብታ ያን ሁሉ ጠይቀው፣ ሦስት ነፍስ ጭነው ሲነዱ ምንም አለመጠየቃቸው ነው።

ያን ቀን ዘገየን፤ ፖይንቴ ሞላ። ከመጋዘኑ ተሰናበትኩ። እትዬ ፖይንታቸው ገና ስላልሞላ ተረፉ፣ ጋሼም ተረፉ።

ከዚያ አንድ ቀን እትዬ በሬን አንኳኩ። ልጃቸው ከረሜላውን ጥላዋለች፤ ዘይቱን ብቻ፣ ማታ ብቻ፣ ተኝተው ለማደር ሲሆን እንደሚወስዱ ነገሩኝ። ሉዊስ ሴንተር በሚባል ሰፈር ሠራተኛ የሚፈልግ ቦታ እንዳለ ሰምተዋል፤ ሊወስዱኝ መጥተዋል። «ለእርቅ ነው፣ በሞቴ» ብለው ቴምር ፈልቅቀው ወደ አፌ ዘረጉ። ቴምሩ ጣታቸው ላይ ተጣብቆ ያብረቀርቃል።

አፌን ከመክፈቴ በፊት፣ ያ የረጠበ ገለባ ሽታ እንዳለበት ለማወቅ እጃቸውን አሸተትኩት።

እትዬ አዩኝ። እጃቸው ከአፌ ፊት እንደተዘረጋ ቀረ።